የዳህመርን ሙታን ቆጠርን፤ የእኛንስ ማን ይቁጠር?

(አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰቡ የፊልም ወዳጆች የተደረገ ንግግር)



የጠራችሁኝ ‹‹የነፍሰ ገዳይ ፊልም ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?›› በሚለው ጥያቄ ላይ የበኩሌን እንድል ነው። እኔ የፊልም ሊቅ አይደለሁም። እዚህም እዚያም እየጻፍኩ የማድር ጋዜጠኛ ነኝ። ስለዚህ ትንታኔውን ለባለሙያዎቹ ልተውና መቀሌ፣ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብዬ የሰማሁትን ክርክር ላውራችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ቀደም ብዬ ደርሼ መጠበቂያው ውስጥ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ፊልም ያያል። ማዳመጫ የለውም፤ ጩኸቱ ለሁላችንም ይሰማል። በቀኙ ነጠላ ያጣፉ እናት፣ በግራዬ ደግሞ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ። ልጁ የሚያየው ‹‹ዳህመር›› የተባለውን የኔትፍሊክስ ተከታታይ ድራማ ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጄፍሪ ዳህመር እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1991 ባለው ጊዜ 17 ወንዶችንና ታዳጊዎችን የገደለ አሜሪካዊ ነው። አብዛኞቹን የገደለው ሚልዋኪ በተባለችው ከተማ ሲሆን፣ ከሟቾቹም የሚበዙት ጥቁሮች ነበሩ። ድራማው 10 ክፍል አለው። በወጣ በ60 ቀን ውስጥ 1 ቢሊዮን ሰዓት ታይቷል ተብሏል። ዳህመርን ሆኖ የተጫወተው ኢቫን ፒተርስም እ.ኤ.አ. በ2023 ጎልደን ግሎብ ተሸልሞበታል።

ወደ አዳራሹ ልመልሳችሁ። መጀመሪያ የተናገሩት እናትየዋ ናቸው።

‹‹ወደይ፣ ይሄን ደም ምን ብለህ ታየዋለህ? ያየነው አይበቃም?››

‹‹አደይ፣ እውነተኛ ታሪክ እኮ ነው! ፖሊስ ሥራውን ቢሠራ ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ እንደነበር ነው የሚያሳየው።››

አስተማሪው አላስቻላቸውም። ‹‹ትምህርት ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ግን ገዳዩን መልከ መልካም ተዋናይ ይሰጡታል፤ ብቸኛ ነበር፣ ቤተሰቡም የተበተነ ነበር ይሉሃል። አንተም መጨረሻ ላይ ታዝንለታለህ። ለሟቹስ ማን ይዘን?›› አሉት።

እኔም ጣልቃ ገባሁ። ‹‹እኛስ ብንሆን? ‹ሰው ለሰው› በኢቲቪ ሲታይ አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ አስናቀ አልነበረም?›› አልኩ። ልጁ ሳቀ። ‹‹አስናቀን ማን ይጠላል?›› አለ። እውነቱን ነው። አበበ ባልቻ ያንን ጨካኝ ሰው ሲጫወተው አገር በሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ይተከል ነበር። የአስናቀን ስም ሁላችንም እናስታውሳለን። በእሱ ሰበብ የሞቱትን ሰዎች ስም የሚያስታውስ ካለ ግን እስቲ እጁን ያውጣ!

እናትየዋ ይሄን ሁሉ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና ልጁን ጠየቁት።

‹‹እናታቸው አለች?››

‹‹የማን?››

‹‹የሞቱት ልጆች። እናቶቻቸው እዚያ ውስጥ ይታያሉ?››

ልጁ ትንሽ አሰበ። ‹‹አዎ። ፍርድ ቤት የሟች ቤተሰቦች ቆመው ይናገራሉ።››

‹‹ዳኛ ፊት?››

‹‹ዳኛ ፊት።››

‹‹ታድለው!›› አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ለበረራው ስንሰለፍ አስተማሪው ሹክ አሉኝ። የሴትየዋ ልጅ በጦርነቱ ቀርቷል። በጥቅምት 2016 ትግራይ ውስጥ የ3 ቀን ሐዘን ታውጆ መርዶ ሲነገር ነው የሰሙት። የት እንደሞተ፣ እንዴት እንደሞተ፣ ማን እንደቀበረው እስከዚያች ቀን ድረስ የነገራቸው የለም።

እንግዲህ ክቡራትና ክቡራን፣ ጥያቄያችሁን ይዤ አውሮፕላን ውስጥ ገባሁ። ‹‹የደም ፊልም ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?›› የሚለው ለእኔ ሁለተኛ ጥያቄ ሆነብኝ።

በእርግጥ አስተማሪው ያሉት እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1992 ችሎት ላይ ቆማ በዳህመር ላይ የጮኸችውን የአንዱ ሟች እህት ድራማው ከነንግግሯና ከነአለባበሷ ቀድቶ አሳይቷል። እሷ ግን ማንም እንዳላስፈቀዳት በአደባባይ ተናግራለች። ሐዘኗ የሰው ገበያ ሆነ። ነገ ተነገ ወዲያ የእኛን ጦርነት ፊልም እንሠራለን የምትሉ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁ፣ ካሜራ ከመደቀናችሁ በፊት የሟችን ደጅ አንኳኩ።

ልጁ ያለውም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 27 ቀን 1991 ሚልዋኪ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ፣ የላኦስ ስደተኞች ልጅ፣ ደንዝዞ ራቁቱን መንገድ ላይ ተገኘ። ከዳህመር አምልጦ ነው የወጣው። ወጣት ሴቶች አይተው ፖሊስ ጠሩ። ፖሊሶቹ ግን ‹‹ትልቅ ሰው ነው፤ ወዳጄ ነው›› ያለውን ዳህመርን አምነው ልጁን መልሰው አስረከቡት። ግሌንዳ ክሊቭላንድ የምትባል ጥቁር እናት ፖሊስ ጋ ደወለች፤ ‹‹ሕፃን አይደለም ወይ?›› ብላ ደጋግማ ጠየቀች፤ ማንም አልሰማትም። ልጁ በዚያው ተገደለ። ዳህመር እስኪያዝ ድረስም ሌሎች 4 ሰዎች ሞቱ። ሁለቱ ፖሊሶች ተባረሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ አንደኛው ጭራሽ በ2005 የፖሊሶቹ ማኅበር ሊቀመንበር ሆነ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ያቺ ቀን በእኛ አቆጣጠር ስንት እንደነበረች ታውቃላችሁ? ግንቦት 19 ቀን 1983። የግንቦት 20 ዋዜማ! እኛ እዚህ ኢሕአዴግ አዲስ አበባን ሊይዝ ነው ብለን በር ዘግተን ስናድር፣ እዚያ አንዲት ሴት ስልክ ይዛ የሰው ልጅ ለማዳን ትለምን ነበር።

ድራማው የወጣበት ቀንስ? መስከረም 11 ቀን 2015። ጦርነቱ ነሐሴ ላይ ለ3ኛ ጊዜ አገርሽቶ ነበር። ዓለም ስለ ሚልዋኪ ሙታን እየተከራከረ ሲያመሽ፣ መቀሌ ስልክም ኢንተርኔትም አልነበራትም። ግሌንዳ ደወለች፤ አልሰሟትም። ትግራይ ውስጥ ግን የሚደወልበት ስልኩ ራሱ ተዘግቶ ነበር። የትግራይ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ አማራ ክልልም ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶበት ከርሟል። የሚጮኸውን ሰው አፍ ይዞ ‹‹ጩኸት አልሰማሁም›› ማለት ምን ይሉታል?

እኔና እናንተ የዳህመር ሟቾች 17 መሆናቸውን እናውቃለን። በጥቅምት መጨረሻ 2013 ማይካድራ ውስጥ፣ በኅዳር 2013 አክሱም ውስጥ የተጨፈጨፉትስ ስንት ናቸው? የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማይካድራ ላይ ቢያንስ 600፣ አክሱም ላይ ከ100 በላይ ብሎ ግምቱን አውጥቷል። ‹‹ቢያንስ›› እና ‹‹ከዚህ በላይ›› ተብሎ የተቆጠረ ሰው ስም አለው? ማኅበረ ዴጎ ላይ ደግሞ ገዳዮቹ ግድያቸውን ራሳቸው በሞባይል ቀረጹት። ቦታውን ከቪዲዮው ላይ፣ የተራራውን ቅርጽ ሳይቀር እያመሳከሩ ያረጋገጡት የውጭ አገር ጋዜጠኞች ናቸው። የእኛ መርማሪ የት ነበር?

በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም የሽግግር ፍትሕ ይኖራል ተባለ። በ2016 መጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ ኮሚሽን ዕድሜው ሳይታደስ ቀርቶ ተበተነ። በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጸደቀ። ፖሊሲ ደግ ነው፤ እኔ አልጠላውም። የእናትየዋ ጥያቄ ግን አጭር ናት፤ ‹‹ዳኛ ፊት?››

ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ከ1 ዓመት ከመንፈቅ በኋላ የመንገደኞች አውሮፕላን እዚያው አሉላ አባ ነጋ ሲያርፍ፣ ሰው መሬት እየሳመ፣ ዘመዱን አቅፎ እየጮኸ ሲያለቅስ አይታችኋል። ያን ቀን እንዲመጣለት የጠበቀው ሰው ያልመጣለትም ብዙ ነበር።

ስለዚህ ‹‹ዳህመርን እንይ ወይስ አንይ?›› ካላችሁኝ፣ እዩ እላለሁ። ልጅ አጠገባችሁ ካለ ግን አትክፈቱት፤ ያዘነች እናት አጠገባችሁ ካለች ደግሞ ቢያንስ ድምፁን ቀንሱ። ስታዩም ገዳዩን ትታችሁ ስልክ የያዘችውን ሴት እዩ። እሷን ሆና የተጫወተችው ኒሲ ናሽ እ.ኤ.አ. በ2024 ኤሚ ስትሸለም መድረክ ላይ ስሟን ጠርታለች። ግሌንዳ ግን ይሄን ሳታይ ነው የሞተችው።

እናንተ የፊልም ሰዎች፣ እኛ የጋዜጣ ሰዎች፣ ስም መጥራቱን ከአሁኑ እንጀምር። መዝገቡ ከትግራይም፣ ከአማራም፣ ከአፋርም፣ ከኦሮሚያም ይሁን፤ ሟች ወገን የለውም። መንግሥትም ፖሊሲውን ከመሳቢያ አውጥቶ ችሎት ይክፈትበት። ያን ጊዜ አደይም ዳኛ ፊት ቆመው ልጃቸውን በስሙ ይጠሩታል።