ዲፊብሪሌተር ውስጥ ያለችው ማብሪያ



ከጨፋ ሸለቆ የመጣች ሐኪም ስለ ወባ ወይም ስለ እናቶች ጤና የምታወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ዲፊብሪሌተር ውስጥ ስላለች አንዲት ማብሪያ ነው።

ቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን የገጠመውን ታማሚ «ደሴ ሪፈር እናድርገው» ማለት አይቻልም። ከከሚሴ ደሴ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ ደረት መጫን ካልተጀመረ ደግሞ የመዳን ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ማሽኑ እዚያው፣ በዚያችው ደቂቃ መሥራት አለበት።

የዛሬውን ዲፊብሪሌተር መሠረት የጣሉት በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ሐኪሙ በርናርድ ላውንና መሐንዲሱ ባሩክ በርኮቪትስ ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ባትሪው ካፓሲተሩን በሰከንዶች ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ማብሪያዋ ደግሞ የተጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ትለቀዋለች። 200 ጁል በ10 ሚሊሰከንድ ሲለቀቅ በአማካይ 20 ኪሎዋት ማለት እኮ ነው! ባትሪው ብቻውን ይህን ሊሰጥ አይችልም። የኑክሌር ውህደትን የሚያጠኑ ታላላቅ ቤተ ሙከራዎችም በዚሁ መርህ ይሠራሉ፤ የእነሱ መጠኑ እጅግ የገዘፈ ነው እንጂ።

ከማብሪያዋ የሚፈለገው ሁለት ተቃራኒ ሥራ ነው። ስትዘጋ በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ማሳለፍ አለባት፤ ስትከፈት ደግሞ ወደ 2,000 የሚጠጋ ቮልት ሳታፈስ መያዝ። በድሮዎቹ ማሽኖች ሁለት ብረቶች ነበሩ የሚገናኙት። ብረቶቹ ሳይነካኩ ገና ብልጭታ ይዘላል፣ ሲነካኩም ይነጥራሉ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ጥቂት ብረት ይቀልጣል። ሲደጋገም ወይ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ ወይ መገናኘት ያቅታቸዋል። ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኩላሊት ጠጠር በሰበረው የመጀመሪያው የድንጋጤ ሞገድ ማሽንም ብልጭታው ኤሌክትሮዱን ስለሚበላው በየጊዜው ይቀየር ነበር። እዚያ መቀየር ይቻላል። ልቡ የቆመ ሰው አጠገብ ሆኖ ግን ማን ይቀይራል?

የአሁኖቹ ባይፌዚክ ማሽኖች ብረቱን በሴሚኮንዳክተር ተክተውታል። አራት ማብሪያዎች ተራ በተራ እየከፈቱና እየዘጉ ኤሌክትሪኩን መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ፣ ቀጥሎ በተቃራኒው ያሳልፋሉ። የሚነካካ ነገር ስለሌለ በብልጭታ አይበሉም። ሆኖም የራሳቸው ድካም አላቸው፦ ኤሌክትሪኩ ከመጠን በላይ ፈጥኖ ከገባ አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ተከማችቶ ያቃጥላቸዋል። አቧራና እርጥበት የተቀመጠበት ሰሌዳም ከፍተኛውን ቮልት ያሾልካል። የጨፋን የበጋ አቧራና የቦርከናን ረግረግ የምታውቁ ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ ይገባችኋል።

ክፋቱ፣ ማብሪያዋ የምትሞተው በዝምታ ነው። በአንድ ወቅት በሠራሁበት ቦታ በእርዳታ የመጣ ማሽን ነበር። ስክሪኑ ይበራል፣ ይሞላል፣ ድምፅም ያሰማል፤ ቁልፉ ሲጫን ግን ምንም የለም። ያገኘችው የጠዋት ፍተሻ የምታደርግ ነርስ ነበረች። ተመስገን፣ ታማሚ ላይ አልደረሰም። ብዙዎቹ ማሽኖች በትንሽ ጉልበት፣ ለምሳሌ በ30 ጁል፣ ራሳቸው ውስጥ ለቀው የሚፈተሹበት መንገድ አላቸው። ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ስለዚህ ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ማሽን ከመላካችሁ በፊት እባካችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ኃይል የመልቀቅ ፍተሻ አልፏል? ባትሪውና ደረት ላይ የሚለጠፈው ፓድ አገር ውስጥ ይገኛል? የጥገና መመሪያው አብሮ ይመጣል? አገር ውስጥ ሆስፒታል የምትመሩ ደግሞ ለባዮሜዲካል ባለሙያችሁ መፈተሻ መሣሪያና በጀት መድቡለት። ላውንም እኮ ያለ መሐንዲሱ አልሠራውም።

የምንጠቀምበትን የፍተሻ ቅጽ አባዝቼ መጥቻለሁ፤ በሻይ ሰዓት ውሰዱ።