ሁለት ገበታ በአንድ ጉዞ
በወረርሽኝ ጊዜ ወደ ሰሜን ተራሮች ስለሚደረግ ጉዞ አስተቃቀድ፣ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የሚያደርሰው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የተራራ ጉዞ የሚያቅድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰላው መኪናውን፣ ድንኳኑን፣ የብርድ ልብሱንና በቀን የሚራመደውን ሰዓት ነው። የምግቡ ነገር «አብሳዩ ያውቅበታል» ተብሎ ይታለፋል። በጤናው ጊዜ ይህ ልማድ ብዙ አያስነቅፍም። የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወደ አገር ከገባ በኋላ ግን ያው ልማድ የዕቅዱ ትልቁ ጉድለት ሆነ። በዚህ ንግግር የሚመረመረው ድስቱ የሚጣድባት ጎጆና በዙሪያዋ የሚመገቡት ሰዎች ጉዳይ ነው።

የነገሩን ቅደም ተከተል ማስታወስ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 4 ቀን ነበር። ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ከውጭ አገር የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ 14 ቀን በሆቴል ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ። ለአሥር ቀን ጉብኝት የሚመጣ እንግዳ 14 ቀን በአንድ ክፍል ተዘግቶ ይክረም ማለት እንግዳው አይምጣ ከማለት የሚለይ አይደለም። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዚህ መሠረት እጅ ለእጅ መጨባበጥ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ፣ በሆቴልና በምግብ ቤትም በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ ማስቀመጥ ተከለከለ።

ይህች የሦስት ሰው ጠረጴዛ በዓለም ሁሉ መልኳን እየለዋወጠች የታየች ናት። በአሜሪካ በፍሎሪዳ የሚገኘው የዋልት ዲስኒ መዝናኛ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተዘግቶ ቆይቶ ሐምሌ 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በከፊል ሲከፈት፣ ጎብኚው የሚገባበትን ቀን አስቀድሞ እንዲያስመዘግብ ተደረገ፤ የምግብ አዳራሾቹ ጠረጴዛ ተራራቀ፤ እያንዳንዱ በራሱ ጭልፋ የሚያነሣበት የቡፌ ገበታ ቀረ። ቤተሰቡን ይዞ ለመሄድ ያሰበ ሰው ከመጫወቻው ይልቅ የሚበላበትን ቦታና ሰዓት ቀድሞ መያዝ ነበረበት። የመዝናኛው መሐንዲሶች ቁጥሩን የሚቈጣጠሩበት በር፣ የሚያዝዙበት ስልክ፣ የሚለኩት አዳራሽ ነበራቸው። ሰሜን ተራሮች ላይ ከዚህ ሁሉ አንዱም የለም።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ አደጋ ከተደቀነባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆየ። በቡይት ራስ አጠገብ ካለው ሎጅ አልፎ ወደ ሳንቃ በር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ ሰፈሮች የሚዘልቅ መንገደኛ ምግብ ቤት አገኛለሁ ብሎ አይጓዝም። ስንቁን ከጎንደር ወይም ከደባርቅ ገበያ ሸምቶ፣ በበቅሎ አስጭኖ፣ አብሳይ ቀጥሮ ይሄዳል። በሰፈሮቹ ለአብሳዮች መጠለያ የሚሆኑ ጎጆዎች አሉ። ሌሊቱ ውሃ እስኪያረጋ ድረስ ስለሚቀዘቅዝ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የጉዞው ሰው ሁሉ ወደ እሳቱ ይሰበሰባል።

ለምሳሌ ያህል የስድስት ጎብኚዎች ቡድን ለአራት ቀን ጉዞ ተነሣ ቢባል፣ አንድ አስጎብኚ፣ ሁለት የታጠቁ ስካውቶች፣ አንድ አብሳይ፣ አንድ የአብሳይ ረዳትና ሦስት በቅሎ ጫኞች ይከተሉታል። ስድስት የተባለው ቡድን በእውነቱ 14 ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ሲመገቡ በአራት ቀን 168 ማዕድ ይቀርባል፤ ከዚህ ውስጥ 72ቱ የጎብኚዎቹ፣ 96ቱ የሠራተኞቹ ነው። ከግማሽ የሚበልጠው ማዕድ በዕቅድ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም ማለት ነው። ስካውቱና በቅሎ ጫኙ የየራሳቸውን ስንቅ ይዘው ይመጣሉ የሚል ደንብ መሰል ልማድ መኖሩ እሙን ነው። ይሁን እንጂ ስንቁ አንድ እፍኝ ቆሎና ጥቂት በሶ ሆኖ የሚያልቀው በመጀመሪያው ቀን እንደ ሆነ፣ ከዚያም በኋላ ከጎብኚው ድስት የተረፈው እንደሚበላ፣ ተራራውን የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል።

የሦስት ሰው ጠረጴዛ ደንብ እዚህ ላይ ሲመጣ ምን ይሆናል? ጎብኚዎቹ በሁለት ጠረጴዛ ይከፈላሉ፤ ሜዳ ላይ፣ በነፋሱ መካከል፣ ሁለት ሜትር ተራርቀው ይቀመጣሉ። ደንቡ ተከበረ ይባላል። በዚያው ሰዓት ስምንቱ ሠራተኞች በሩ በተዘጋ ጎጆ ውስጥ፣ በአንድ ትሪ ዙሪያ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ አንዱ ሌላውን እያጎረሰ ራታቸውን ይበላሉ። ጥንቃቄው ሁሉ የተደረገው ነፋስ ለሚጠብቃቸው ሰዎች ሲሆን፣ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ግን ተረሱ። ጎብኚው ከአራት ቀን በኋላ ሐኪም ቤት ወደማይጠፋበት ከተማ ይመለሳል። በቅሎ ጫኙ የሚመለሰው ሽማግሌ እናትና አባቱ በአንድ እልፍኝ ወደሚያድሩበት የገጠር ቤቱ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ መነሣት ያለበት ከጓዳው ገበታ ነው።

የጎጆዋን ጠባይ ለመረዳት ወደ መጽሐፍ መሄድ አያሻም። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ጥንቃቄው ሁሉ በእጅና በዕቃ ላይ ያተኰረ ነበር፤ እየቈየ ግን በሽታው በይበልጥ የሚተላለፈው በዝግ ቦታ አየር ላይ በሚንሳፈፉ ረቂቅ የትንፋሽ ነጠብጣቦች መሆኑ ታወቀ። የማገዶ ጢስ ይህን በዓይን ያሳያል። ጢሱ ቶሎ የሚወጣለት ጎጆ ትንፋሹም ይወጣለታል፤ ጢሱ ጣራ ሥር ተጠምዝዞ የሚያድርበት ጎጆ የአንዱን ትንፋሽ ለሌላው ያድላል። በዚህ ረገድ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባል። አስታና ሌላው የፓርኩ ዛፍ እንዳይቈረጥ ሲባል የላምባ ወይም የቡታጋዝ ምድጃ ይዞ መውጣት ተገቢ ነው። ሆኖም ቡታጋዝ ጢስ ስለሌለው የጎጆዋ አየር መቈሙን የሚናገር ምልክት ይጠፋል፤ በሩ ከተዘጋ ደግሞ ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠራቀማል። ከትንፋሽ የሚመጣውን በሽታ ፈርቶ በዚህ መርዝ መሞት እንዳይመጣ፣ ምድጃው ሲለወጥ የጎጆዋ ቀዳዳም አብሮ መታሰብ አለበት።

ከፍታው በዚህ ላይ የራሱን ቀንበር ይጭናል። ውሃ በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ሲፈላ በአዲስ አበባ 92 ያህል፣ በደባርቅ ከ90 ብዙም ሳይበልጥ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው በግጭና በጨነቅ ሰፈሮች ደግሞ 88 ዲግሪ ላይ ይፈላል። እሳቱን ቢያነዱት ክዳን የሌለው ድስት ከዚህ አያልፍም። በአዲስ አበባ የምስር ክክ የምታበስል ባልቴት የምትገምተው ሰዓት እዚያ አይበቃም፤ ባቄላና ሽምብራማ ጨርሶ አይሞከርም። ማብሰያው በረዘመ ቍጥር እሳቱ ዙሪያ የሚቀመጠው ሰው ቍጥርና ሰዓት አብሮ ይረዝማል። የወጡ ምርጫ የጤና ምርጫ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንደ ዕድል ሆኖ የአገሩ ሰው ለዚህ የሚሆን ስንቅ ቀድሞ አበጅቷል። በሶ እሳት አይፈልግም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለእያንዳንዱ ሰው በየከረጢቱ ተለክቶ ሊሰጥ ይችላል፤ ከአንድ ዕቃ መዝገን ይቀራል። ድርቆሽ ሳምንታት ይቈያል፤ በሙቅ ወጥ ሲርስ የሚበላ ይሆናል። ሽሮ ቀድሞ የተቈላና የተፈጨ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል። ቋንጣ ለፍስክ ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብን እንዲሁም ዐቢይ ጾምን ያልቈጠረ የስንቅ ዝርዝር ግን ሠራተኞቹን በደረቅ እንጀራ ያስቀራቸዋል። የመጀመሪያው ሕመምተኛ የተገኘበት ሰሞን ራሱ ዐቢይ ጾም እንደ ነበረ ልብ ይሏል። ለመጠጥ የሚሆነውን ውሃ በተመለከተ የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያ ማዕከል ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቈይ ይመክራል።

የእጅ መታጠቢያውም በሒሳብ ይገኛል። 14 ሰው በቀን ሦስት ማዕድ፣ በየማዕዱ ፊትና ኋላ ግማሽ ግማሽ ሊትር ቢታጠብ 42 ሊትር ይሆናል። ይህ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካንና ትንሽ ጭማሪ ነው። ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ከጎጆዋ ደጃፍ ውጭ፣ ሳሙናው ታስሮ ከጎኑ፣ ቢቀመጥ ይበቃል። ለሠራተኞቹ ሁለተኛ ድስት፣ ለየሰዉም የራሱ ሳህን ቢጨመር ጭነቱ የግማሽ በቅሎ ያህል እንኳ አይሆንም።

ስለ መንገዱ አደላደል አንድ ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል። ስንቁን ሁሉ ከደባርቅ በአንድ ጊዜ መጫን በቅሎውንም ጫኙንም ያበዛል። አምባራስ ግን ከግጭ ሜዳ ሲወረድ የመኪናው መንገድ የሚገኝባት መንደር ናት። የመጀመሪያዎቹ የሁለት ቀናት ስንቅ ብቻ በበቅሎ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ግጭ ቢወጣ፣ የቀረው በደባርቅ ተዘጋጅቶ በሦስተኛው ቀን በመኪና አምባራስ ላይ ቢጠብቅ፣ ከዚያም ወደ ጨነቅ ጭነቱ በመኪናው ቢቀጥል፣ በጎጆዋ ውስጥ የሚያድረው ሰው ይቀንሳል። በዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ የታወቀ ነው፤ የቀነሰው ሰው ማለት የቀነሰ ደመወዝ ነውና። ስለሆነም ከአምባራስ የሚመለሱት ጫኞች የአራቱ ቀን ሒሳባቸው ሳይጐድል ሊከፈላቸው ይገባል። ለጎብኚው ይህ ከጉዞው ወጪ ትንሹ ክፍል ነው።

ጎጆዋን ማሻሻል በአንጻሩ የዚህ ማኅበር አባላት በቀላሉ የሚሠሩት ሥራ ነው። በነፋሱ በኩል ከወለሉ ከፍ ብሎ አንድ ቀዳዳ፣ በተቃራኒው በኩል ከጣራው ጫፍ ሥር ሌላ ቀዳዳ ቢከፈት፣ የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች ይተካዋል፤ ሞተር አያስፈልገውም። ከደጅ ደግሞ ጡብም ሲሚንቶም ሳይሻ፣ በአገሩ ድንጋይ የተካበ፣ ነፋስ የሚከልል፣ መደብ ያለው ግማሽ ክብ ካብ ቢሠራ ሠራተኞቹ ውጭ ተቀምጠው ለመብላት ይችላሉ። ቦታው የዓለም ቅርስ ስለሆነ ከዚህ የሚበልጥ ግንባታ ማሰብ አይገባም፤ ይህም ቢሆን ያለ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አይጀመርም።

በዚያን ጊዜ «ፓርኩ ተዘግቶ ይቈይ፣ በሽታው ሲያልፍ ይከፈታል» የሚል አስተያየት ነበር። በጤና በኩል የሚያስኬድ ነው። ደባርቅ ላይ ግን አስጎብኚው፣ አብሳዩ፣ ስካውቱና በቅሎ አከራዩ የሚያድሩት በደረቁ ወራት በሚገኘው ገቢ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ከግጭ ተነሥተው በደባርቅ የሰፈሩት ቤተሰቦችም እርሻና ግጦሻቸውን ትተው የመጡ ናቸው። የ2013 ዓ.ም. ወቅት ሲጀምር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁ አልቆ የነበረ ቢሆንም፣ በጥቅምት ወር በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ በዓመቱ መጨረሻ ውጊያው ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ አካባቢ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገደኛውን አሳስቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ቢያነሣም፣ የጓዳው ጥንቃቄ ጊዜው አላለፈበትም፤ በዚያው ዓመት ክረምት በቋራ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል የተሰበሰበውን ምእመን ኮሌራ ማጥቃቱ ይታወሳል። የሁለቱ በሽታዎች መንገድ ቢለያይም፣ ሳሙናውና ጀሪካኑ፣ የየሰዉ ሳህንና የፈላው ውሃ ለኮሌራው ይልቁን ያስፈልጋሉ።

የቀረው ጉዳይ ከድንጋይና ከድስት የሚከብድ ነው። የጉዞው ሥራ በተራ የሚታደል ነው። ተራው የደረሰ አብሳይ ጠዋት ትኵሳት ቢሰማው ሁለት ምርጫ አለው፤ ታምሜአለሁ ብሎ ተራውን ለሌላ ማሳለፍና ወደ ሰልፉ ጫፍ መመለስ፣ ወይም ጋቢውን ተከናንቦ ዝም ብሎ መውጣት። ጎብኚ በጠፋበት ዓመት ተራ ማጣት ወሩን ማጣት ስለሆነ፣ ዝም ማለቱ ሊያስደንቅ አይገባም። ለጎብኚው ሙቀት የሚለካ መሣሪያ በየበሩ ሲቆም ለአብሳዩ እውነቱን የሚናገርበት ዋስትና አልተደረገለትም። ስለዚህ በጉዞ ውሉ ላይ ሁለት መስመር ይጨመር። አንደኛው፣ ከመነሻው በፊት የታመመ ሠራተኛ ተራው ሳይቃጠል እስኪድን ይቈይለት የሚል፤ ይህ ለአስጎብኚዎችና ለአብሳዮች ማኅበራት የሚቀርብ ነው። ሁለተኛው፣ በጉዞ ላይ የታመመ ሠራተኛ በመኪና ወደ ደባርቅ ይመለስ፣ የቀሩት ቀናት ደመወዝም ከጎብኚው አስቀድሞ በተያዘ መጠባበቂያ ይከፈለው የሚል ነው። የመጠባበቂያው መጠን ለአንድ ሰው የአራት ቀን አበል ቢሆን ለስድስት ጎብኚዎች ተካፍሎ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው ከአንድ ቀን አበል ያነሰ ነው።