መጫኛ የማይቀበል ኮምፒዩተር ባለቤቱ ማን ነው?

(ስለ አርም ኮምፒዩተሮች አነሣሥና በእነርሱም ላይ ሥርዓተ ክወና ስለ መጫን የቀረበ ንግግር፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)



በኮምፒዩተር ሙያ የቆየ ሰው የአንድ ኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና ሲበላሽበት የሚያደርገው የታወቀ ነው። መጫኛውን በፍላሽ ላይ ይጽፋል፤ ፍላሹን ሰክቶ ኮምፒዩተሩን ያስነሣል፤ ወዲያው የመጫኛው ገጽ ይከፈትለታል። በአርም ፕሮሰሰር የሚሠራ ኮምፒዩተር ሲገጥመው ግን ያው ፍላሽና ያው ልምድ ምንም ውጤት ሳያስገኙ ስክሪኑ እንደ ጨለመ ሊቀር ይችላል። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በፍላሹ ወይም በባለሙያው ላይ ይላከካል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የችግሩን ምንጭ ለማወቅ ኮምፒዩተር ከእንቅልፉ እንዴት እንደሚነሣ ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል።

ኮምፒዩተር ኤሌክትሪክ ባገኘበት ቅጽበት ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ዲስክ ይኑረው አይኑረው፣ ስክሪን ይኑረው አይኑረው አያውቅም። ያለው ሀብት ፋብሪካው በቺፕ ውስጥ ያተመለት አንድ አጭር ፕሮግራም ብቻ ነው። አይ ቢ ኤም በ1981 ባወጣው የግል ኮምፒዩተር ይህ ፕሮግራም ባዮስ ይባል ነበር። ባዮስ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ በማኅደረ ትውስታ ላይ በታወቀ ስፍራ ያስቀምጥና ሥራውን ለዚያ ያስረክባል። ከዚያ በኋላ የመጡት ተመሳሳይ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ይህንኑ ሥርዓት ስለ ተከተሉ፣ መጫኛ የሚያዘጋጅ ሰው አንዱን ደንብ ካሟላ ለሁሉም ያዘጋጀ ያህል ሆነ። በኋላም ፒ ሲ አይ የተባለው የመገናኛ መስመር እያንዳንዱን ካርድ «ማን ነህ?» ብሎ ለመጠየቅ አስቻለ፤ ኤ ሲ ፒ አይ የተባለውም ደንብ የቀረውን የመሣሪያ ዝርዝር በሠንጠረዥ አቀረበ። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ኮምፒዩተር ራሱን ለእንግዳ የሚያስተዋውቅ ነው ማለት ይቻላል።

የአርም ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ይህ ፕሮሰሰር ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ይገኝ በነበረው በኤኮርን ኩባንያ የነደፉት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቺፕ በ1985 ሥራ ጀመረ። በ1990 ኤኮርን፣ አፕልና ቪ ኤል ኤስ አይ የተባሉት ኩባንያዎች በኅብረት ያቋቋሙት የአርም ድርጅት ኑሮውን የመሠረተው ቺፕ በመሸጥ ላይ ሳይሆን የቺፑን ንድፍ በፈቃድ በማከራየት ላይ ነበር። ንድፉን የተከራየ ፋብሪካ ሁሉ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የራሱን ሌሎች ክፍሎች ይጨምራል፤ ክፍሎቹንም በፈለገው አድራሻ ያስቀምጣቸዋል። ውጤቱ በአብዛኛው በእጅ ስልክና በመሳሰለው ዕቃ ውስጥ ይገባ ስለ ነበር፣ ሶፍትዌሩ በፋብሪካ ውስጥ ተጭኖ ያልቃል። ገዢው ሌላ ሥርዓተ ክወና ይጭናል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ስለዚህም የጋራ በር ለማበጀት የተገደደ አልነበረም።

ይህ ልዩነት በተግባር ምን እንደሚመስል በሜሞሪ ካርድ በሚነሡ ትንንሽ ቦርዶች ላይ በግልጽ ይታያል። የኦልዊነር ኩባንያ ቺፕ የመጀመሪያውን ፕሮግራም በካርዱ ላይ ከ8ኛው ኪሎባይት ጀምሮ ይፈልጋል፤ የሮክቺፕ ቺፕ ግን ከ32ኛው ኪሎባይት ጀምሮ ነው። ለአንዱ የተዘጋጀ ካርድ ለሌላው ባዶ ወረቀት ነው። በ2012 በወጣው ራስበሪ ፓይ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚነቃው የአርም ፕሮሰሰር ሳይሆን የሥዕል ፕሮሰሰሩ ነው፤ እርሱ ከካርዱ የሚፈልጋቸውን ፋይሎች አንብቦ እስኪጨርስ ድረስ አርሙ ተኝቶ ይጠብቃል። በ2019 የወጣው አራተኛው ራስበሪ ፓይ የመነሻ ፕሮግራሙን ከካርዱ አውጥቶ በቦርዱ ላይ ባለ ልዩ ቺፕ ውስጥ አደረገው።

ከዚህም በላይ ዋናው ማኅደረ ትውስታ ገና ስላልተዘጋጀ፣ መጀመሪያ የሚነበበው ፕሮግራም በቺፑ ውስጥ ባለች ጠባብ ስፍራ ሊወሰን የሚችል አጭር መሆን አለበት። እርሱ ማኅደረ ትውስታውን ያዘጋጃል፤ ከዚያ ዩ-ቡትን የመሰለ ትልቅ አስነሺ ይጠራል፤ አስነሺውም የሥርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን፣ ይጠራል። ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ለነዚህ ቦርዶች መጫኛውን በሁለት ቁራጭ ማቅረቡ በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዱ ቁራጭ ለተወሰነው ቦርድ ብቻ የሚሆን፣ ሌላው ለሁሉም የሚያገለግል ነው፤ ተጠቃሚው ሁለቱን አጋጥሞ በካርዱ ላይ ይጽፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ የቦርዱን ስም ሳያጣራ ካርድ የሚጽፍ ባለሙያ ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ከርነሉ ከተነሣም በኋላ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። የአርም ቺፕ ክፍሎች ራሳቸውን ስለማያስተዋውቁ፣ የትኛው ክፍል በየትኛው አድራሻ እንዳለ ሊነገረው ይገባል። ይህ መረጃ ቀድሞ በከርነሉ ውስጥ ለየቦርዱ ተለይቶ ይጻፍ ስለ ነበር ዝርዝሩ ከመጠን በላይ በዛ፤ በ2011 ሊነስ ቶርቫልድስ ሁኔታውን በአደባባይ አጥብቆ ወቀሰ። መፍትሔ የሆነው «ዲቫይስ ትሪ» የተባለው የመሣሪያ መግለጫ ነው። መግለጫው ከከርነሉ ውጭ በተለየ ፋይል ተጽፎ በመነሻ ጊዜ ይሰጣል። በታኅሣሥ 2012 የወጣው ሊኑክስ 3.7 አንድ ከርነል በልዩ ልዩ ኩባንያዎች የአርም ቺፖች ላይ እንዲነሣ ያስቻለው በዚህ መንገድ ነው። የተሳሳተ መግለጫ የተሰጠው ከርነል ግን ያለ ስክሪንና ያለ ኔትዎርክ ሊነሣ፣ ወይም ጭራሽ ላይነሣ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፍንጭ የሚሰጠው የሲሪያል ገመድ ነው። ብዙዎቹ ቦርዶች በዚህ ገመድ የሚልኩት መልእክት በ3.3 ቮልት ስለ ሆነ፣ የጥንቱን የኮምፒዩተር ሲሪያል ወደብ በቀጥታ ማገናኘት ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል።

የጋራው በር ዩ ኢ ኤፍ አይ በተባለው ደንብ ተገኝቷል። ይህ ደንብ ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት በፍላሹ ላይ የሚፈለገውን ፋይል ስም ወስኗል፤ ለኢንቴል ዓይነቱና ለ64 ቢት አርም የተመደቡት ስሞች የተለያዩ ናቸው። ለኢንቴል የተዘጋጀ መጫኛ በአርም ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ ማሽኑ የሚያውቀውን ስም አያገኝምና ያልፈዋል፤ ቢያገኘውም ቋንቋው አይገባውም። ይህ ደንብ በ2014 ለአርም ሰርቨሮች ከወጣው የሃርድዌር መለኪያ ጋር እየተስፋፋ ሄደ፤ በ2016 ዩ-ቡትም ይህንኑ በር መክፈት ጀመረ፤ በ2020 ደግሞ አርም «ሲስተምሬዲ» በሚል ስም የምስክር ወረቀት አወጣ። ደንቡን ባከበረ ማሽን ላይ የቆየው የፍላሽ ልምድ እንደገና ይሠራል።

በር መኖሩ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት በ2012 ዊንዶውስ አር ቲን ሲያወጣ፣ በኢንቴል ኮምፒዩተሮች ላይ ባለቤቱ የመነሻውን መቆለፊያ ሊያጠፋው እንዲችል ሲያዝ፣ በአርም መሣሪያዎች ላይ ግን መጥፋት እንደሌለበት ደነገገ። ለዚህ ሥርዓት የሚሰጠው ድጋፍ በጥር 2023 አበቃ። በሙሉ ጤንነት ላይ ያለ መሣሪያ፣ ሌላ ሥርዓተ ክወና የሚቀበልበት የተፈቀደ በር ስለሌለው ብቻ፣ ከመጣል ሌላ ዕድል አልቀረለትም ማለት ይቻላል። በአንጻሩ አፕል በ2020 ያወጣቸው ባለ ኤም 1 ኮምፒዩተሮች ዩ ኢ ኤፍ አይ የላቸውም፤ የሌላ ሥርዓት መጫኛ ከፍላሽ በቀጥታ አያስነሡም። ሆኖም ባለቤቱ በራሱ ፈቃድ ሌላ ከርነል እንዲያስነሣ ተፈቅዶለታል። አሳሂ ሊኑክስ በዚህ ፈቃድ ተጠቅሞ መጫኛውን ከማክ ኦ ኤስ ውስጥ ያስጀምራል፤ ከዚያም በራሱ አስነሺና በዩ-ቡት አማካይነት የጎደለውን በር ይሠራል።

መቆለፊያው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከሥርዓተ ክወናው በታች የሚደበቅ ክፉ ፕሮግራም በቀላሉ የማይታወቅና የማይነቀል በመሆኑ፣ መነሻን መጠበቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ባለቤቱን ከሌባ የሚጠብቅ ቁልፍና ባለቤቱን ከገዛ ንብረቱ የሚያግድ ቁልፍ አንድ አይደሉም። ልዩነቱም ከፕሮሰሰሩ የመጣ ሳይሆን ሰዎች የወሰኑት ነው።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት የአርም ኮምፒዩተር እንዲመርጥ የተጠየቀ ባለሙያ ከዋጋና ከፍጥነት በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ሊያቀርብ ይገባዋል። መሣሪያው ዩ ኢ ኤፍ አይ አለውን? ከሌለውስ የመነሻ ፕሮግራሙን ከየት ያነባል? የመሣሪያው መግለጫ በዋናው ሊኑክስ ውስጥ ገብቷልን? የሲሪያል ወደቡ በእጅ ይደረስበታልን? መቆለፊያውን ባለቤቱ ሊከፍተው፣ ወይም የራሱን ቁልፍ ሊያስመዘግብ ይችላልን? መልሶቹንም ከሻጩ ቃል ብቻ መቀበል የለበትም፤ መቶ ኮምፒዩተር ከመታዘዙ በፊት አንዱን ወስዶ መጫኛውን ራሱ አስነሥቶ መፈተን ይገባዋል። ይህን ሳያደርግ የግዢውን ውል የሚደግፍ ባለሙያ፣ መሥሪያ ቤቱ የገዛው ዕቃ የሚያገለግልበትን ዘመን ሌላ ሰው እንዲወስንለት ፈቀደ ማለት ነው።