ጓደኛን ቤት ስለማምጣት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባል የተደረገ ንግግር)



ስለ ጥልፋችንና ስለ ፈትላችን ሌሎች ተናግረዋል። እኔ ስለ ልጆቻችን ልናገር። በሽታው ሳይነካቸው ስሙን የተሸከሙት እነሱ ናቸው።

ዘነበወርቅ ያደገች ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ሰፈሯን መደበቅ ትጀምራለች። «ቤታችሁ የት ነው?» ሲሏት «ጦር ኃይሎች» ትላለች። ከጓደኞቿ ጋር ታክሲ ከተሳፈረች ሰፈር ሳትደርስ «ወራጅ አለ» ብላ ቀሪውን በእግሯ ትመጣለች። የቡድን ጥናቱ ሁልጊዜ ሰው ቤት ነው። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ አክስት ትላካለች። ይህ ያልደረሰባት እናት ካለች እጇን ታውጣ፤ ጣት የቀረንም ያልቀረንም።

ለእንግዶቻችን ያህል፦ ሥጋ ደዌ በዘር አይወረስም። ተህዋሱን ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን ያገኘው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። መድኃኒቱ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይወሰዳል፤ ሕክምና የጀመረ ሰው ወዲያው ማስተላለፉን ያቆማል። የእኔን ጣቶች የጎዳቸው ነርቩ ከደነዘዘ በኋላ ሲያቃጥለኝ ያልተሰማኝ የምድጃ እሳት ነው። አለርት ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ ጎናችን አለ፤ እውቀቱ ግን አጥሩን ተሻግሮ ትምህርት ቤት አልገባም።

የልጄ የወንበር ጓደኛ ሰፈራችንን የሰማች ቀን አብሬያት አልቀመጥም አለች። መምህሩም ሳያስረዳ ቦታ ቀየረላት። ሌላዋ ጓደኛዋ ግን አንድ ቅዳሜ ደብተር ልትመልስ ሳትጠራ መጣች። ልጄ በር ላይ ደርቃ ቀረች። እኔ ቡና እያፈላሁ ነበር፣ «ግቢ» አልኳት። እጄን አየችው፤ አላየችም ብል ውሸት ነው። «እትዬ፣ ያምዎታል?» አለችኝ። «አያመኝም፣ ችግሩም እሱ ነው» ብዬ ነገርኳት። ቶናውን ጠጥታ ሄደች። ልጄ ለምን ነገርሻት ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እኔ ግን አይቶ ከሚጠይቅ ሰው ጋር መኖር ይቀለኛል፤ እንዳላየ ሆኖ ውጭ ወጥቶ የሚያወራው ነው የሚከብደኝ። ያቺ ልጅ ዛሬም ትመጣለች፣ ሒሳብ የሚያጠኑትም እኛ ቤት ነው።

ደጋፊዎቻችን፣ ደብተሩና ዩኒፎርሙ ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን። ዘንድሮ የምንለምነው የጤና ባለሙያ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ገብቶ ተማሪዎቹንም መምህራኑንም እንዲያስተምር ነው።

እህቶቼ፣ ለሚቀጥለው የወላጅ ስብሰባ አክስት አንላክ። እኔ እሄዳለሁ። ልጄ ፈቅዳለች፣ ፊት ወንበር እንዳልቀመጥ ብቻ ለምናኛለች። አብራችሁኝ የምትሄዱ ከሻይ በኋላ ጸሐፊያችን ጋ ተመዝገቡ።