መስመሩ እንዳይያዝ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)



አሰላ፣ እናቴ ቤት ብትገቡ ቡፌው ላይ ዳንቴል የለበሰ ጥቁር ስልክ ታያላችሁ። ያ በጣት የሚዞረው። የልጅ ልጆቿ “እማማ፣ የዚህ ስክሪኑ የታለ?” እያሉ ይስቁበታል። እሷ ግን አታስነካውም። ዛሬ ስለዚህ ስልክ ላጫውታችሁ።

ታላላቆቻችን አሠራሩን ታስታውሳላችሁ። ጣትህን ቀዳዳው ውስጥ ታስገባለህ፣ ብረቱ እስኪያቆምህ ታዞራለህ፣ ትለቀዋለህ። ትርርር እያለ ሲመለስ በመስመሩ ላይ ምልክት ይልካል፤ ለ1 አንድ ጊዜ፣ ለ5 አምስት ጊዜ፣ ለዜሮ አሥር ጊዜ። ኃይሉን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው በዚያው በሽቦው ስለሆነ የቤቱ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ሂሳብ እንዳይበዛ ደግሞ ቀዳዳው ላይ ትንሽ ቁልፍ ይደረግበት ነበር። ልብ በሉ! ቁልፉ ከቤት ወደ ውጭ መደወልን ይከለክላል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አይከለክልም። የተቆለፈ ስልክም ይጮኻል።

በ1984 ዓ.ም. አባቴ ገብስ ሸጦ ለእህቴ ትምህርት ያስቀመጠውን ገንዘብ ሰርቄ ጠፋሁ። አዲስ አበባ ገባሁ። ገንዘቡ ወር እንኳ አልቆየም። አንድ ቀን የአገሬን ሰው አግኝቼ ስለ ቤት ስጠይቀው፣ “አባትህ ስልኩን ቆልፎታል፤ ቁልፉን ኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ለማንም አይሰጥም” አለኝ። በእኔ ላይ የቆለፈው መሰለኝ። “በቃ፣ ተቆርጬያለሁ” አልኩ።

ተቀጥሬ በምሠራበት ሱቅ ስልክ ነበረ። የቤታችንን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ማዞር እጀምራለሁ፤ የመጨረሻዋ ቁጥር ላይ ስደርስ ጣቴ ይከዳኛል። እዘጋዋለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ!

አንድ የክረምት ሌሊት ግን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ጮኸ። አባቴ አነሳው። “ሃሎ” አለ። አፌ ተሳሰረ። ዝም ብሎ ቆየና፣ “አንተ ነህ ልጄ? አትዝጋው። መብራት ጠፍቷል፣ ጨለማ ውስጥ ነኝ፤ ግን እሰማሃለሁ” አለኝ።

እያለቀስኩ፣ “አባዬ፣ ስልኩን ቆልፈኸዋል አሉኝ” አልኩት።

“አዎ፣ ቆልፌዋለሁ። ሰው ሲያወራበት መስመሩ ይያዛል። አንተ የደወልክ ዕለት ተይዞ እንዳታገኘው ብዬ ነው።”

ወገኖቼ፣ ስድስት ዓመት የሸሸሁት ያ ቁልፍ ለእኔ ሲል የተቆለፈ ነበር!

ዛሬ ስንቶቻችን ነን “እግዚአብሔር ዘግቶብኛል” የምንለው? በሉቃስ 15 ያለው አባት ልጁን ገና ከሩቅ ሳለ አየው፤ ዓይኑ ከመንገዱ ላይ አልተነሣም ነበር ማለት ነው። በኤርምያስ 33፥3 ጥሩኝ ያለው እሱ ራሱ ነው፤ እመልሳለሁ ያለውም እሱ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ሰው በቀጭን ሽቦ ያን ሁሉ ርቀት ከተሰማማ፣ ጆሮን የፈጠረ አምላክ እንዴት አይሰማህ? ኃጢአታችን የቆረጠውን መስመር ጌታ ኢየሱስ በመስቀል ላይ በደሙ ቀጥሎታል። ሂሳቡ ተከፍሏል!

ግን አንድ ነገር አልደብቃችሁም። አባቴ ይቅር ቢለኝም፣ እህቴ በእኔ ምክንያት አንድ ዓመት ከትምህርት ቀርታለች። እግሯ ሥር ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ገንዘቧንም ጥቂት በጥቂት መለስኩ። ዘኬዎስም እንዲህ አደረገ። ንስሐ አልቅሶ መሄድ ብቻ አይደለም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሮ ወደ ጌታ ሄደ። ዛሬ ያን ቁጥር ባዞር የሚያነሳው እሱ አይደለም። ያን ሌሊትም ዘግቼው ቢሆን ኖሮስ? አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ የመጨረሻዋ ቁጥር ላይ ቆማችኋል። ነገ አትበሉ። ያኮረፋችሁት አባት፣ የተጣላችሁት ወንድም ካለም ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው፤ ዛሬውኑ ደውሉ።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ስንሸሽህ ጠብቀኸናል። ቃል ባጣን ጊዜም እንደምትሰማን አምነን መጥተናል። በልጅህ በኢየሱስ ደም አጥበህ ተቀበለን። አሜን።