መርዶና ስልክ

በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ሰብሳቢያችን ስለ ዘመኑ ዕቃ አንዳንድ ነገር በሉ ብለው ዕድሉን ስለሰጡን እናመሰግናለን። ስለ መብራት ቆጣሪው ካርድና ለአንድ ቴሌቪዥን ሁለት ሪሞት ስለማስፈለጉ ብናወራ ይመሻል። እሱን ለቡና ሰዓት እንተወውና እድራችንን ወደሚነካው ወደ ስልኩ እንግባ።

እኛ ስልክ ጠል አይደለንም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስልክ አገራችን ሲገባ የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ ነበሩ ይባላል፤ ከእነሱ አትቁጠሩን። በ1991 ዓ.ም. ሞባይል አዲስ አበባ ሲገባ ዋጋው አልቀመስ ቢለንም፣ ቆይቶ ሲረክስ እኛም ገዝተናል። አረብ አገር ያሉ ልጆቻችንን ድምፅ የምንሰማው በእሱ ነው፤ ተመስገን።

ቅሬታችን በመርዶው ላይ ነው። መርዶ እንዴት እንደነበረ ታውቁታላችሁ። ለቅርብ ዘመድ ማታ አይነገርም። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተጠራርተው፣ ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ። ከመካከላቸው ሰው ሲወድቅ የሚይዝ ጉልበታም አይጠፋም። ቴሌግራም እንኳ ይህን ሥርዓት ያከብር ነበር። ቴሌግራም ስንል አሁን ልጆቹ የሚሉትን ሳይሆን የድሮውን፣ በወረቀት የሚመጣውን ነው። በቃል ብዛት ስለሚከፈልበት ሰው ቃል ይቆጥባል። ቢሆንም «እናትህ ሞተች» ብሎ መላክ ነውር ነበር፤ «እናትህ ታማለች ቶሎ ና» ነው የሚባለው። ሁለት ቃል ተጨማሪ ተከፍሎ!

አሁንስ? ባለፈው ዓመት ከመንደራችን አንዲት እናት ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ገና ሳይገነዙ ፎቶግራፋቸው ከሻማ ጋር በስልክ ተለቀቀ። ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት። ሌሊት ሥራ ጨርሳ ስልኳን ስትከፍት የእናቷን ፎቶ አየች። ከሥሩ ሰማንያ ሰው «ነፍስ ይማር» ብሏል። የሚይዛት የለ፣ አብሯት የሚያለቅስ የለ። ድምፅ አውጥታ እንዳታለቅስ አሠሪዎቿ ተኝተዋል። ፎጣ አፏ ውስጥ ከትታ እንዳደረች ለእህቷ የነገረቻት ራሷ ናት።

የለቀቀው ልጅ ክፉ አስቦ አይደለም። ቀድሞ የተናገረ የበለጠ ያዘነ ይመስለዋል እንጂ።

ሌላም አለ። እኛ መዝገብ ቤት ስንሠራ ደብዳቤ ወጪ ሆነ ማለት ደረሰ ማለት አልነበረም። ተላላኪው ደብተር ይዞ ሄዶ ያስፈርማል፤ ካልተፈረመ አልደረሰም። ዛሬ ግን «በስልክ ልከናል» ከተባለ አለቀ። ስልክ የሌላቸው አሮጊት፣ ባትሪው የሞተበት፣ መብራት የጠፋበት ሁሉ ሰምቷል ተብሎ ይቆጠራል።

አንድ ቀን የመጣልን መልእክት «ቀብር 3:00» ይላል። የጻፈው ወጣት ስልኩ እንደሚያሳየው በፈረንጅ ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለቱ ነው። እኛ ደግሞ 3 ሰዓት ሲባል 3 ሰዓት ነው የምናውቀው። ስድስት ሆነን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆምን። ሬሳ የለ፣ ለቀስተኛ የለ። አንድ ቄስ መጥተው «ማንን ትጠብቃላችሁ?» አሉን። ሬሳውን ስንላቸው አማተቡ። ከስድስታችን ሁለቱ እግራቸውን ስለሚያማቸው ከሰዓት ተመልሰው መምጣት አልቻሉም። ከቀብር ቀሪ ተብለው 50፣ 50 ብር ተቀጡ! ከሁሉ ቀድመው የተገኙት እነሱ ሆነው ሳለ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ለቅርብ ዘመድ መርዶ ሳይነገር ማንም የሟች ፎቶ አይልቀቅ። ውጭ አገር ልጅ ያላት እናት ስትሞት እድሩ እዚያው ያለ የአገር ልጅ አፈላልጎ፣ አጠገቧ ደርሶ ያርዳት። ለዚህ ለዚህማ ስልክን የሚያህል የለም። የቀብር ሰዓት በእኛ ሰዓት «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ» ተብሎ ይጻፍ። በቃል ላልተነገረው አባል የቀሪ ቅጣት አይጻፍበት። የሁለቱ ሰዎች 100 ብርም ይመለስ።

ድንኳን ውስጥ ለቅሶውን በስልክ መቅረጽ ይከልከል የሚሉ አባላት አሉ። በዚህ አንስማማም። መምጣት ያልቻለች ልጅ የእናቷን ለቅሶ የምታየው በዚያ ነው። ዘፈን የሚጮኸው ስልክ ግን ደጅ ላይ ይዘጋ።

የቀረው የጥሩምባው ጉዳይ ነው። ነፊያችን ካረፉ ወዲህ ሰው አልተተካም። ገንዘብ ያዣችን ደመወዙ ይከብዳል ይሉ ይሆናል፤ እያንዳንዳችን በወር 5 ብር ብንጨምር ይወጣዋል። ጥሩምባው ዕቃ ቤት ከድስቶቹ ጋር ተቀምጧል። ገብተን አይተነዋል፤ መወልወል ብቻ ነው የሚፈልገው።