ማማ ማን ናት?

(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



የሒሳቡን ነገር ገንዘብ ያዡ አቅርበውታልና እኔ ወደዚያ አልገባም። የምናገረው ስለ አንዲት ቃል ነው። ቃሏ «ማማ» ትባላለች፤ ከወንድሟ ከ«ባባ» ጋር። ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም መዝገባችንን የሚነካ ስለ ሆነ ጥቂት ደቂቃ ታገሡኝ።

ለገበሬ ልጅ ማማ ማለት በማሳው መካከል በእንጨት ቆሞ ወፍና ጦጣ የሚጠበቅበት ነው። ወንጭፉን ይዞ እላዩ ላይ ሲጮኽ ይውላል። ለከተማ ሕፃን ግን ማማ እናቱ ናት። ድምፁ ገጠመ እንጂ ያ የእንጨት ማማ ከእናት ጋር ምን አገናኘው? ባባም እንዲሁ ነው። ሕፃን አባቱን ባባ ይላል፤ እኛ ደግሞ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ሆዴ ባባ» እንላለን።

እስቲ ከአገር ወጣ እንበል። በስዋሂሊ ባባ አባት፣ ማማ እናት ነው። በቻይናም እንደዚሁ ነው። ቱርኮችም አባትን ባባ ይላሉ። እነዚህ ቋንቋዎች እርስ በርሳቸው ዝምድና የላቸውም። ታዲያ ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ቃሉ ከአንድ ቤት ወጥቶ የተበተነ ነው» ማለቱ አይቀርም። ቆይ! ሩስያ ሄዶ ባባ ያለ ሰው አሮጊት ወይም የገጠር ሴት ጠራ ማለት ነው። ሀንጋሪ ላይ ደግሞ ባባ ጨቅላ ሕፃን ነው፤ አሻንጉሊትም ይሆናል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ የጆርጂያ ነው። ጆርጂያ በጥቁር ባሕር ዳር ያለች፣ እንደኛው ጥንታዊ ክርስትና፣ የራሷም ፊደል ያላት አገር ናት። በእነሱ ቋንቋ ማማ ማለት አባት ነው! አዎን፣ አባት። እናት ደግሞ ደዳ ትባላለች። በዋና ከተማቸው በትብሊሲ ኮረብታ ላይ በ1958 እ.ኤ.አ. የቆመች የሴት ሐውልት አለች፤ ባንድ እጇ ለእንግዳ የወይን ጽዋ፣ በሌላው እጇ ለጠላት ሰይፍ ይዛለች። ስሟ የካርትሊ እናት ነው፤ በእነሱ አጠራር ካርትሊስ ደዳ። የእንግሊዝ ልጅ አባቱን ዳዲ ሲል፣ የጆርጂያ ልጅ ደዳ ብሎ የሚጣራው እናቱን ነው። ቄሱንም «ማማኦ» ይሉታል፤ እኛ «አባ» እንደምንለው መሆኑ ነው።

ምክንያቱን ሮማን ያኮብሰን የተባለ ትውልዱ ሩስያዊ የሆነ የቋንቋ ሊቅ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አስረድቷል። ከእሱ በፊት መርዶክ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ከብዙ ሕዝብ 1,072 የእናትና የአባት መጠሪያዎች ሰብስቦ ነበር። ያኮብሰን እንደሚለው ሕፃን ጡት ይዞ ሳለ አፉ ዝግ ነውና በአፍንጫው «ም…ም…» ይላል፤ ከንፈሩ ሲላቀቅ «ማ» ይሆናል። «ባ» እና «ፓ»ም ከንፈርን ገጥሞ ከመክፈት በቀር ጥርስም ምላስም አይፈልጉም። ሕፃኑ ድምፁን ያወጣል፤ «እኔን ጠራኝ!» ብሎ ትርጉም የሚሰጠው ግን ወላጅ ነው። በብዙ አገር እናት ቀድማ ማማን ወሰደች፤ በጆርጂያ አባት ወሰደው። እዚህ ላይ የሥጋ ዝምድና የለም፤ የከንፈር ሥራ ብቻ ነው።

እውነተኛ ዝምድና ያለው ቃልም አለ እንጂ። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ቁጥር 36 ላይ ያለው «አባ» የአራማይክ ቃል ነው፤ ከግእዙ «አብ» ጋር በሴም ቋንቋዎች በኩል ወንድማማች ነው። የፈረንጆች የገዳም አለቃ መጠሪያ የሆነው «አቦት»ም ከዚያው ከአራማይኩ በግሪክና በላቲን በኩል ዞሮ የሄደ ነው። ጳጳስ የምንለውም ከግሪክ የመጣ ሲሆን መነሻው አባት ማለት ነው። በስፔን ቋንቋ ግን ፓፓ የሮማው ጳጳስም ነው፣ በደቡብ አሜሪካ ደግሞ ድንችም ነው! ድንቹ ከኬችዋ ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ስለ ሆነ ከጳጳሱ ጋር አይተዋወቁም።

አሁን ወደ መዝገባችን ልመለስ። ደንባችን ለአባል እናትና አባት አንድ ዓይነት፣ ለአያት ደግሞ አነስ ያለ ክፍያ ይወስናል። ባለፈው ዓመት አንዲት እኅታችን «እማዬ አረፈች» ብላ አስመዘገበች። ድንኳኑ ተተከለ፣ ገንዘቡ በእናት ደንብ ተከፈለ። ከሠልስት በኋላ «ሟቿ አያቷ ናቸው፣ እናቷማ በሕይወት አለች፤ እድሩን አታለለች» የሚል ወሬ ተነሣ። ወሬው በጆሮዋ ደረሰ። ይኸው ዛሬም በመካከላችን የለችም።

እኔ ብዙ ዘመን መዝገብ ቤት ስለ ሠራሁ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ሰው የተጠየቀውን ነው የሚመልሰው። እኛ «ማን ሞተ?» አልናት፤ እሷም አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ የምትጠራበትን ስም ነገረችን። አያቷ ናቸው ያሳደጓት፤ ወላጇን የምትጠራት «እትዬ» ብላ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ስንቱ ነው አያቱን አባባ፣ አባቱን ጋሼ የሚለው? እጅ አውጡ ብል አዳራሹ በእጅ ይሞላል። ሕፃን ሳለን ላሳደገን ሰው የሰጠነውን ስም የሒሳብ ሰነድ አድርገን ሰውን አታላይ ማለት በእኔ አስተያየት ነውር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በቅጹ ላይ «እናት/አባት» የሚለው ብቻውን አይቁም፤ «ወላጅ»፣ «አያት»፣ «ያሳደገ» የሚል ለየብቻ ይግባ፣ አባሉም በሰላሙ ቀን ሲመዘገብ ይሙላው እንጂ በለቅሶው ቀን አይጠየቅ። ላሳደገ ሰው የሚከፈለው ስንት እንደሚሆን ጉባኤው ይወስን፤ እኔ ግን እንደ እናትና አባት ይሁን ባይ ነኝ። የቅጹን ረቂቅ በእጄ ጽፌ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ። ሁለተኛ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ተመርጠው በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኅታችን ቤት ይሂዱ። አንዱ እኔ እሆናለሁ፤ ሁለቱን ምረጡ።